«ቤቶች! ውሻ ያዙልን!»

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ለዘመናት ተማሪ በእግሩ እየተጓዘ የሚደርስበት ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ሌላ እዚህም ተምረዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዲማ ትልቅ ቦታ አለው። መኪና ባልነበረበት ዘመን ከሸዋ፣ ከወሎና ከጎንደር የሚነሣው የቆሎ ተማሪ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር። አመሻሹ ላይ አንድ ቀዬ ሲደርስ ታዲያ «በእንተ ስማ ለማርያም» ከማለቱ በፊት ሌላ ነገር ማለት ነበረበት። ከአጥሩ ራቅ ብሎ ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፦ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!»

ዛሬ በጀርባው ቦርሳ አዝሎ፣ ድንኳኑን ጠቅልሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጮቄ ተራራ ወይም ወደ ስሜን ለመውጣት የሚዘጋጅ የከተማ ሰው ስለ አውሬ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚመጣበት ነብር ነው። አንዳንዱም አንበሳ ያስባል። የደጋው መንገድ አደጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጫካ ውስጥ ተደብቆ አይጠብቅም። ከሰው አጠገብ፣ የሰው ትራፊ እየበላ፣ የሰውን አጥር እየዞረ ይኖራል። መጀመሪያ ውሻ፣ ቀጥሎ ጅብ። ዝግጅትም ከእነዚህ ከሁለቱ ቢጀምር መልካም ነው።

የጎጃም ገበሬ ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ከብቱን ከጅብ፣ በጉን ከቀበሮ፣ እህሉን ከዝንጀሮ የሚጠብቅለት እሱ ነው። ብዙው ውሻ ሌሊት ልቅ ነው፤ ቀንም የማይታሰር አለ። ከሩቅ የሚታየው የእግረኞች ሰልፍ ለዚህ ውሻ ምን መስሎ እንደሚታየው ማሰብ ያስፈልጋል። ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ፣ ጠረናቸው የማይታወቅ፣ በረጃጅም ዘንግ መሬት እየቆረቆሩ የሚመጡ ስምንት ወይም አሥር እንግዶች ናቸው። ይጮኻል። መጮኹ ተገቢ ሥራው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ከኋላ ያለው ፎቶ ለማንሣት ቆሟል፤ መካከል ላይ ያለችው ደንግጣ ትሮጣለች። ውሻው የሚሮጠውን ይከተላል። ባትና ተረከዝ የሚነከሰውም በዚህ ቅጽበት ነው። ልምድ ያለው ቡድን ግን የመጀመሪያውን ጩኸት ሲሰማ ይሰበሰባል። ልጆችና ፈሪዎች ወደ መሐል ይገባሉ፤ ዱላ ያላቸው በዳር ይቆማሉ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም ውሻውን ዓይን ለዓይን አፍጥጦ አያየውም፣ ማንም ጀርባውን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ዱላው ከፊት ዝቅ ብሎ ይያዛል እንጂ አይወዘወዝም። ውሻው አሁንም ከቀረበ አንድ ሰው ድንጋይ እንደሚያነሣ ጎንበስ ይላል፤ ይህችን የሰውነት እንቅስቃሴ የማያውቅ የአገራችን ውሻ አይገኝም፣ ብዙውን ጊዜ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ይበቃል። መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ውሻ በገዛ ደጁ የመታ እንግዳ በዚያ ቀዬ የሚያድርበት አያገኝም፣ ሊያገኝም አይገባውም።

ከሁሉ የሚሻለው ያ የተማሪው ጥሪ ነው። ቡድኑ ከአጥሩ ርቆ ይቆማል፤ አገሩን የሚያውቀው ሰው ይጣራል። እመቤቲቱ ከጓሮ ብቅ ትላለች፣ ውሻውን በስሙ ትጠራዋለች፣ አንዱ ልጇ አንገቱን ይዞ ይጎትተዋል። «አይዟችሁ ልጆቼ፣ እለፉ፣ አይነካችሁም» ትላለች። የምትለው እውነት የሚሆነው ልጁ ውሻውን እንደያዘ ብቻ ስለሆነ ከምስጋና ጋር ፈጠን ብሎ ማለፍ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎም ሰው ይነከሳል። ለዚህ ነው የእብድ ውሻ በሽታን ጉዳይ ከመነሣት በፊት ጨርሶ መሄድ ግዴታ የሚሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ያመለክታል፤ ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው፣ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ሞቱን መከላከል ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ. በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከተበ፣ ልጁም ዳነ። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል። የእብድ ውሻ ክትባት በማምረትም ለአሥርት ዓመታት አገር ያገለገለ ተቋም ነው።

ሕይወት የሚያተርፈው የመጀመሪያ እርምጃ መንገድ ላይ የሚፈጸም ነው። የተነከሰውን ሰው ቁጭ ማድረግ፣ ሱሪውን ወደ ላይ መጠቅለል፣ ከጀሪካን ውኃ እያንቆረቆሩ ቁስሉን በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ። የልብስ ሳሙናም ቢሆን ሳሙና ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ሳይዝ የሚያጥብ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «በቃ» ይላል። አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ያፈሳል፣ አንዱ ያጥባል። ውኃው ወደ ጥርሱ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ቁስሉን ከፈት አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ አዮዲን ካለ ይደረግበታል። ቁስሉን መተኮስ፣ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ፣ በፋሻ አጥብቆ ማሰር አይገባም። በአገራችን ብዙ ሰው ወደ ባህል ሐኪም ሲመላለስ ክትባቱ የሚያድንበት ጊዜ ያልፍበታል። በሽታው በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቆይ «ይኸው ደኅና ነኝ» ማለት ማታለያ ነው። ፊትና ራስ ላይ ከተነከሰ ደግሞ ጊዜው ያጥራል።

ክትባቱ በዚያው ቀን ተጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ልዩነት የሚደጋገም ነው። ለከባድ ንክሻ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሌላ መድኃኒትም አለ። ሁሉም ጤና ጣቢያ ግን ክትባቱ የለውም፤ ያለውም ዕለት ዕለት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ጉዞውን የሚያስተባብረው ሰው ከመነሣቱ በፊት ስልክ መደወል አለበት። ደብረ ማርቆስ አለ ወይ? ቢቸና አለ ወይ? ከሌለ የሚቀርበው የት ነው፣ ከዚያስ በምን መኪና ይደረሳል? ይህ ጥያቄ ከድንኳኑ ብዛትና ከስንቁ ዓይነት በፊት መመለስ ያለበት ነው። በየዓመቱ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ደግሞ ሳይነከስ አስቀድሞ መከተብ እንደሚችል ይወቅ፤ ቅድመ ክትባት የወሰደ ሰው ቢነከስም ቁስሉን ማጠብና ተጨማሪ ክትባት መውሰድ አይቀርለትም፣ ግን የሚወስደው መጠን ይቀንሳል።

ወደ ጅብ እንለፍ። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ከመንገደኛ ጋር የሚያያዝበት ቀጥተኛ ነገር አለ፤ ጅብ ቁርበት ይወዳል። ጫማ፣ ቀበቶ፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ ጠፍር ከድንኳን ውጭ ያሳደረ ሰው ጠዋት ላያገኘው ይችላል። አጥንት የሚሰባብረው መንጋጋው ለቆዳ ምንም አያስቸግረውም። ከሚበላው አጥንት የተነሣም ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ጅቦች አንድ ቦታ ላይ ተመላልሰው ስለሚጥሉ ነጭ ኩስ ተከማችቶ የታየበት ሜዳ የዘወትር መተላለፊያቸው ነው። የድንኳን ቦታ የሚመርጥ ሰው ከመምሸቱ በፊት ዙሪያውን በእግሩ መዞር ያለበት ይህንን ለማየት ነው።

ጅብ ከሰው ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ የሚያሳይ ጥናት አለ። በመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋ መሪነት ትግራይ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት የጅብ ኩስ ሰብስቦ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መርምሯል። ከዐቢይ ጾም በፊት ከተሰበሰበው 15 በመቶ ያህሉ የአህያ ፀጉር ነበረበት። በጾሙ 55 ቀናት ይህ ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ። ፋሲካ አልፎ እርድ ሲጀመር እንደገና ወደ 22 በመቶ ወረደ። ሰው ሥጋ ሲያቆም የልኳንዳው ትራፊ ይቀራል፤ ትራፊ ያጣው ጅብ አህያ ያድናል። ጾሙን የሚጾመው ሕዝብ ሳያስበው ጅቡን አደን ላይ አሠማርቶታል።

የጎጃም ደጋም በዚሁ የጾም አቆጣጠር የሚኖር አገር ነው። ወደ ገዳማት የሚደረገው የእግር ጉዞ የሚበዛው፣ አየሩም ለመንገድ የሚመቸው፣ ዐቢይ ጾም በሚውልበት በበጋው ወራት ነው። ጓዙን በአህያና በበቅሎ ጭኖ በጾሙ ወቅት ሜዳ ላይ የሚያድር ቡድን እንስሳቱን ከድንኳኑ ርቆ መስክ ላይ ለቆ መተኛት የለበትም። ገበሬው በረቱን ካዋሰ በረት፣ ካልሆነ ከድንኳኖቹ መካከል ታስረው፣ ሰው በየተራ እየነቃ ማደር ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ተራው ገና ብርሃን ሳለ ይደለደላል።

ጅብ ድንኳን ውስጥ ካለ ሰው፣ ንቁ ከሆነ ሰው፣ ከተሰባሰበ ሰው ይርቃል። የሚደፍረው ሜዳ ላይ ተኝቶ ያገኘውን፣ ሕፃንን፣ የታመመን፣ በጨለማ ብቻውን የወጣን ነው። ስለዚህ ሰማይ ቢጠራም፣ ሌሊቱ ሞቅ ቢልም ከድንኳን ውጭ መተኛት አይፈቀድም። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ጓደኛውን ቀስቅሶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ዙሪያውን አይቶ ይወጣል። መቀስቀስ ነውር አለመሆኑ ገና በመጀመሪያው ምሽት ለሁሉም ይነገር፤ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በይሉኝታ ነው።

ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበላ ያየ ተጓዥ ሊሳሳት ይችላል። እዚያ ያለው በትውልድ የተገነባ ትውውቅ ነው፤ የሚያበላውም ጅቦቹን በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ጮቄ ሥር ድንኳን የተከለ እንግዳ አጥንት እየወረወረ ያንን መድገም የለበትም። የሚያስከትለውን አሜሪካኖች በራሳቸው ፓርክ አይተውታል። ዮሰማይት ውስጥ ድቦች የተጓዥ ምግብ ለምደው እ.ኤ.አ. በ1998 ብቻ ከ1,500 በላይ የድብና የሰው ግጭት ተመዝግቧል፤ መኪና እየሰበሩ ይገቡ ነበር። ፓርኩ ድብ የማይከፍተው የብረት ሣጥን በየካምፑ አስቀመጠ፣ በእግር የሚጓዘውንም ምግቡን በጠንካራ ዕቃ እንዲይዝ አስገደደ፤ ግጭቱም እጅግ ቀነሰ። ሥራው ሁሉ ያተኮረው የሰው እራት ላይ ነበር።

ስሜን ተራሮች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ መጠኑ ቢያንስም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ ጭላዳን በቅርብ ለማየት ከሁሉ የሚሻል ቦታ ነው። ጭላዳ ሣር በሊታ ነው፤ ለሰው ጠብ የለውም። ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ግን ቦርሳ ይከፍታል፣ ሲከለክሉትም ያንን ረጅም ክራንቻ ያሳያል። ካምፕ ላይ ምሳ ዘርግቶ ዞር ያለ ሰውንም ቁራ ይዘርፈዋል። እዚያ ተጓዥ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ የታጠቀ ስካውት ይዞ ስለሚገባ የሚመክረው አያጣም።

ዲማና ጮቄ አካባቢ እንደዚያ ያለ ሥርዓት የለም። ስካውቱ መንደሩ ራሱ ነው። የሚጠየቀውም እረኛው፣ ቄሰ ገበዙ፣ ውኃ የምትቀዳው ልጅ ናቸው፦ ሰሞኑን ጅብ ከብት በልቷል ወይ? ያበደ ውሻ ታይቷል ወይ? የቱ ምንጭ ላይ ንብ ሰፍሯል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት የተነሣ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ማረጋገጥ ከአውሬ ጥያቄ ሁሉ ይቀድማል፤ ሰላም ከሌለ ጉዞው ይቆያል።

ጠይቆ አለመስማት ያስከተለውን ጉዳት ጋምቤላ ታስታውሳለች። ሚያዝያ 1958 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በቡድን ሆነው ባሮ ወንዝ ወረዱ። አዞ እንዳለ የአገሩ ሰው ነግሯቸዋል። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ዋኙ። አንዱን ወጣት ጓደኞቹ እያዩ አዞ ወሰደው። ዝግጅት የጎደለው ሰው ሁሉ መረጃ የጎደለው አይደለም፤ እነዚህ ወጣቶች መረጃው ነበራቸው። ያልነበራቸው «አንገባም» ብሎ የሚያስቆም፣ ሌላውም የሚታዘዘው አንድ ሰው ነው። ከዲማ ወደ ምሥራቅ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ አባይም አዞ አለው። በረሃ የሚወርድ ቡድን ከወንዙ ዳር ርቆ ያድራል፤ ውኃ የሚቀዳው በቀን፣ ሁለት ሆኖ፣ ያገሬው ሰው በሚቀዳበት ቦታ ነው።

ቆላው ሌላም ጣጣ አለው። እፉኝት በሞቀ መንገድ ላይ ተጋድሞ ሰው ሲቀርበው አይሸሽም፤ የሚነክሰውም ሲረገጥ ነው። ወፍራም ጫማ፣ ማታ ባትሪ፣ ጠዋት ጫማን አራግፎ መልበስ አብዛኛውን አደጋ ያስቀራል። የተነከሰ ሰው እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍና በበቅሎም በቃሬዛም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጀምር ይወልቃል።

ንብን ብዙ ሰው አውሬ ብሎ አይቆጥረውም። ጎጃም የማር አገር ነው፤ ቀፎ በየጓሮው፣ የዱር ንብም በየገደሉ አለ። አንዷ ከነደፈች የምትተወው ጠረን ሌሎቹን ይጠራል። እጅ ማወናጨፍ ያባብሰዋል። ፊትን በነጠላ ወይም በሸሚዝ ሸፍኖ፣ ቆም ሳይሉ እስኪርቁ ወይም ቤት እስኪገቡ ድረስ መሮጥ ነው፤ ከውሻ ፊት መሮጥ የተከለከለውን ያህል ከንብ ፊት መሮጥ የታዘዘ ነው። ውኃ ውስጥ መዝለል አይረዳም፣ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። እሾኳ ወዲያው በጥፍር ተፍቆ ይውጣ። ከቡድኑ ውስጥ የንብ መርዝ የማይስማማው ሰው ካለ ከመነሣት በፊት ለመሪው ይንገር፣ መድኃኒቱንም የት ኪስ እንደያዘው ያሳይ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ምሽት ይበቃል። ከመነሻው ቀን በፊት ቡድኑ ተሰብስቦ ማን ፊት እንደሚመራ፣ ማን ከሁሉ ኋላ እንደሚሆን ይቆርጣል። የኋላው ሰው ልምድ ያለው መሆን አለበት፤ ማንም ከእሱ በኋላ አይቀርም። ሁሉም ፊሽካ ይይዛል፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ጉዞውን አቁሞ ይሰበሰባል። ሳሙናው፣ አዮዲኑና ፋሻው በአንድ በሚታወቅ ቦርሳ ይገባል። ሰው ከተነከሰ ማን አብሮት እንደሚመለስና የመኪናው ገንዘብ ከየት እንደሚወጣም በዚያው ምሽት ይወሰናል። ይህ ካልተወሰነ የተነከሰው ሰው ራሱ «ጉዞውን አላበላሽባችሁም፣ ቀላል ነው» ይላል፤ ሌሎቹም ደስ ብሏቸው ያምኑታል።

ተጓዡ ራሱም ለአውሬው አደጋ ይዞ ይሄዳል። ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፣ ዛሬ የለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ውስጥ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን የጨረሳቸው ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት እየተሰጣቸው ነው። የራሱን ውሻ አስከትሎ ወደ ባሌ ወይም ወደ ስሜን ሊሄድ የሚያስብ ሰው ውሻውን ቤቱ ይተው። በየዓመቱ ወደ አንድ ቀዬ የሚመላለስ የጉዞ ማኅበር ደግሞ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሮ የቀዬው ውሾች መቼ እንደሚከተቡ ይጠይቅ፤ ከጎደለም ከመዋጮው ላይ ለክትባቱ ያዋጣ። በሽታው እንዲቆም ከአሥር ውሾች ሰባቱ መከተብ አለባቸው፤ ባለ ሃያና ባለ ሠላሳ ቤት ቀዬ ላይ ይህ አንድ የጉዞ ቡድን የሚችለው ሥራ ነው።